ኔትወርክ ሲጠፋ እፎይ የሚለው ልጅ

አንድ ተማሪ የላከልኝ ደብዳቤ በጥቂቱ አጥሮ እነሆ፦

«እትዬ፣ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ከመሐል ሜዳ ግማሽ ቀን በእግር የምታስኬድ መንደር ነው። በጃፓን መንግሥት ነጻ የትምህርት ዕድል ሰሜን ጃፓን ማስተርሴን እየተማርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። መልካም ነገር አላጣሁም። ባቡር ላይ የረሳሁት ቦርሳ አንድ የን ሳይጎድልበት ተመልሶልኛል። ጎረቤቴ ያሉት አሮጊት ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰሙ ‹አቤቤ!› ብለው አጨበጨቡ፤ ከዚያ ወዲህ ከጓሯቸው የነቀሉትን አትክልት በሬ ላይ ትተውልኝ ይሄዳሉ። በፀደዩ አበባ ሥር የተነሳሁትን ፎቶ ወንድሜ አሳጥቦት እናቴ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች።

«የከበደኝ ቤተ ሙከራው ነው። ጠዋት ገብቼ የምወጣው እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ነው። ፕሮፌሰሩ በየሳምንቱ ሴሚናር ሥራዬን ሰምተው ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸው ምስጋና ይሁን ቅሬታ አላውቅም። ተማሪዎቹ ትሑታን ናቸው፣ ጓደኛ ግን የለኝም። በሁዳዴ ሾርባው ሁሉ የዓሣ መረቅ ስላለበት ባዶ ሩዝ ስበላ ከረምኩ። ገናን ናሙና ስቆጥር ዋልኩ። ሰዓቱም አይገጥምልኝምና ቤት የምደውለው አልፎ አልፎ ነው። እናቴ ‹ብርዱስ? እኛማ ደህና ነን› ትለኛለች፤ እኔም ደህና ነኝ እላታለሁ። ሰሞኑን ደግሞ መንዝ ላይ ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ እፎይ እላለሁ። ጥያቄዬ፦ ቤተ ሙከራ ልቀይር ወይስ ትምህርቱን ትቼ ልመለስ?»

ልጄ፣ ጥያቄህን በአንድ መስመር ልመልስልህና ወደ ጉዳያችን እንግባ። ዩኒቨርሲቲህ ውስጥ የውጭ ተማሪዎችን ጉዳይ የሚይዝ ክፍል አለ፤ ሄደህ፣ ስኮላርሽፑ ሳይነካ ቤተ ሙከራ መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቅ፤ መልሱን ሳትሰማ ትኬት አትቁረጥ። አበቃሁ።

አሁን ስለ እፎይታህ እናውራ። ያችን ዓረፍተ ነገር ከሩዙና ከናሙናው ቀጥሎ ሸጉጠህ፣ የእግዜርን ስም ጠርተህባት፣ ቶሎ ወደ ጥያቄህ አለፍክ። እኔ ግን ደብዳቤውን አጥፌ ካስቀመጥኩ በኋላም አልለቀቀችኝም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ አማራ ክልል ውስጥ ጦርነት አለ፤ ስልኩም ኢንተርኔቱም ይመጣል ይሄዳል። ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ መስመር በጠፋ ቁጥር ሆዱ ይባባል። አዲስ አበባ ያለው የመንዝ ሰው መናኸሪያ ድረስ ወርዶ፣ ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሁሉ «ከየት ነህ? እነ እገሌን አይተሃል ወይ?» እያለ ይጠይቃል። አንተ እፎይ ትላለህ። እናትህን ሳትወድ ቀርተህ እንዳልሆነ ደብዳቤህ ራሱ ይመሰክራል። ታዲያ ስልኩ ሲጠፋ የሚቀርልህ ሸክም ምንድን ነው?

«ደህና ነኝ» ማለት ነዋ!

ወገኔ ከዚያው ከአንተ አገር ስለሆነ ይህን ነገር አውቀዋለሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጓሳው አመዳይ ለብሶ ሲያድር ባና ተከናንቦ ከብት ያገደ ልጅ፣ በረደኝ ማለትን ነውር አድርጎ ያድጋል። ጥሩ ነው፤ ብርዱን ለመቻል ጠቅሟል። ግን ብርድ የተቻለበት ዘዴ ለብቸኝነት አይሠራም፣ ለናፍቆትማ ጭራሽ። ወንድሜ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደ ሞስኮ ሄዶ፣ በየጊዜው የሚልክልን ደብዳቤ ሁሉ «ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል፣ እኔ ደህና ነኝ» ነበር። በደህና ተመለሰ፤ አብረን አረጀን። እዚያ ምን እንዳገኘው፣ ማን እንዳስከፋው፣ ማንን እንደወደደ እስካሁን አላውቅም። ሳስበው ዛሬም ያናድደኛል፤ ምናልባት በእሱ ላይ ያለኝን ቁጣ ወደ አንተ እያዞርኩት ይሆናል።

ሸክሙን ያመጣኸው አንተ ብቻ ነህ ለማለት ግን አልደፍርም። ጃፓንን ለአማርኛ አንባቢ በመጽሐፍ ያስተዋወቁት የአንተው አገር ሰው፣ የመርሐቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በ1924 ዓ.ም. ሄደው፣ አይተውና ተደንቀው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥታችንም የጃፓኑን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ተመልክቶ የተዘጋጀ ነው፤ የዚያ ዘመን የተማሩ ወጣቶች እንደ ጃፓን እንሁን ይሉ ነበር። ኅሩይ ግን የመንግሥት እንግዳ ነበሩ፤ በክብር ተቀብለው በክብር ሸኟቸው። ቆሻሻ በየዓይነቱ በተለየ ቀን በሚወጣበት አገር፣ የሚቃጠለውን በፕላስቲኩ ቀን አውጥተው የግሣጼ ወረቀት አልተለጠፈባቸውም። ሴሚናር ላይ ቆመው ማንም ዝም አላላቸውም። ይዘውልን የመጡት እንግዳ ያያትን ጃፓን ነው፤ እኛም ከ90 ዓመት በኋላ ያችኑ ጃፓን በልባችን ይዘን ተማሪ እንልካለን። የእናትህ ጎረቤቶች መጽሐፉን ባያነቡትም ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ቀና ብለው የሚያዩት በዚያ ዓይን ነው። አበባው ሥር የቆመው ልጅ ባዶ ሩዝ ይበላል ብሎ የሚጠረጥር የለም።

አበበንም አነሳህልኝ። ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ ገና ከአንድ ወር ትንሽ ቢያልፈው ነው፤ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጨርሶ፣ ተከታዮቹ ስታዲየም ሳይደርሱ ሣሩ ላይ ጂምናስቲክ ሠራ። የዚያን ሩጫ ፊልም የማይወድ ኢትዮጵያዊ አላየሁም፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ እዚያ አገር ድካም ማሳየት ለእኛ ሰው የተከለከለ ይመስላል። አንተ በደወልክ ቁጥር ያችኑ ጂምናስቲክ ነው የምትሠራው፤ በሆድህ 42 ኪሎ ሜትር ሮጠህ፣ በድምፅህ ትዘላለህ። እናትህ እኮ ቲኬት ቆርጣ የገባች ተመልካች አይደለችም።

እሷም ብትሆን ታታልልሃለች። የጻፍከውን መልሰህ እየው፦ «ብርዱስ? እኛማ ደህና ነን።» ሳትጠይቃት፣ በአንድ ትንፋሽ። መንገድ በሚዘጋበት፣ ስልክ በሚጠፋበት ወረዳ ተቀምጣ እንዲህ የምትልህ እንዳትባባ ብላ ነው። አንተም እንዳትባባ ብለህ ያንኑ ትመልስላታለህ። ሁለት ደህናዎች ስልኩ ላይ ተገናኝተው ይለያያሉ፤ እናትና ልጅ ግን አልተገናኙም። እንደ እኔ ከሆነ እፎይታህ ሁለት ገጽ አለው። አንዱን ታውቀዋለህ፤ መዋሸት ቀረልኝ ነው። ሌላው የእሷን እውነት አለመስማት ነው። አንድ ቀን አፏ ቢከፈትና የሆነውን ሁሉ ብትነግርህ፣ በማግስቱ ማይክሮስኮፕ ሥር ዓይንህን አድርገህ ናሙና መቁጠር እንደሚያቅትህ ትፈራለህ። «ትቼ ልመለስ» ያልከውም ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል። የእኔ ሰዎች በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆነው እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ የሚለውን ጥያቄ፣ ፕሮፌሰሩ ዝም አሉኝ በሚል ጥያቄ ለወጥከው። ምስኪን ፕሮፌሰር! እሳቸውን መክሰስ ይቀላል፣ አማርኛ አያነቡም።

የሚያሳፍር ነገር አልጻፍክም። የሚያሳፍረኝ ያንን እፎይታ እንደ ኃጢአት ይዘህ ንስሐ ብቻ ብትገባበትና ስልኩን እንደዘጋህ ብትቀር ነው። ጥሩ ቄስ ብታገኝ እንኳ፣ መጀመሪያ ለእናትህ ደውል የሚልህ ይመስለኛል።

ሰዓት አይገጥምልኝም ማለትህን ደግሞ አልቀበልህም። ጃፓን በ6 ሰዓት ትቀድመናለች፤ እኛም ሰዓታችንን የምንቆጥረው ከአብዛኛው ዓለም በ6 ሰዓት ለይተን ነው። ስለዚህ የእናትህ ቤት ሰዓትና የአንተ ቤተ ሙከራ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አንድ ቁጥር ላይ ይውላሉ። አንተ ዘንድ ቀትር 12 ሆኖ ተማሪው ለምሳ ሲበተን፣ መንዝ ላይ ንጋት 12 ነው፤ እናትህ ተነስታለች፣ ከብቱ ግን ገና ከበረት አልወጣም። ከዚህ የበለጠ የሚገጥም ሰዓት ከየት ይመጣል?

መስመር ሲመለስ በዚያ ሰዓት ደውልላት። ስለ ዓሣው መረቅ ንገራት፣ ገናን የት እንደዋልክ ንገራት፤ አሮጊቷንም ሳትረሳ፣ እናት ልጇን የሚያስብ ሰው እንዳለ ስትሰማ ልቧ ያርፋል። ከዚያ «አንቺስ? የምርሽን ንገሪኝ» በላትና አታቋርጣት። ታለቅስ ይሆናል፤ ታልቅስ። አንተም ብታለቅስ ቤተ ሙከራው ባዶ ነው፣ ሰው ምሳ ላይ ነው። ወይም ደግሞ «በዓሣ መረቅ ነው እንዲህ የተንገበገብከው?» ብላ ትስቅብህ ይሆናል፤ የመንዝ እናት አስቀድሞ አትታወቅም።

ስለ ፕሮፌሰሩ ዝምታ በዝርዝር እንድመልስልህ ከፈለግህ ሌላ ደብዳቤ ጻፍልኝ፤ እመልስልሃለሁ። ለእሷ ሳትደውል የጻፍከው ከሆነ ግን ባትልከው ይሻላል፤ አላነበውም።