ቢጫው ከየት መጣ? ወዴትስ ሄደ? የአሮጌ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያዎችን ፕላስቲክ ስለ ማንጣት

ሱፐር ኒንቴንዶ የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1990፣ በሰሜን አሜሪካ ደግሞ በ1991 ለገበያ ሲቀርብ ቀለሙ ግራጫ ነበር። ከእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ምርቶች መካከል ዛሬ ብዙዎቹን የተመለከተ ሰው ግን አንድ እንግዳ ነገር ያስተውላል። የመሣሪያው አንደኛው ግማሽ ግራጫነቱን እንደ ጠበቀ ሳለ ሌላኛው ግማሽ የአሮጌ ወረቀት መልክ ይዟል። ሁለቱ ግማሾች ዕድሜያቸውን በሙሉ በብሎን ተያይዘው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ መስኮት ሥር ኖረዋል። ጥፋተኛዋ ፀሐይ ብቻ ናት ብንል ይህ ልዩነት ከየት ሊመጣ ይችላል?

የጨዋታ መሣሪያውን አይቶ የማያውቅ አንባቢ በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ያለውን አሮጌ ኪቦርድ ያስታውስ። ፊደላት የተጻፉባቸው ቁልፎች ነጭ እንደሆኑ ከሥር ያለው ረጅሙ ቁልፍ ብቻውን ቢጫ የሆነበት ኪቦርድ ጥቂት አይደለም። በእንዲህ ያሉት ኪቦርዶች ላይ ረጅሙ ቁልፍ ብዙውን ጊዜ ከሌሎቹ በተለየ ፕላስቲክ የተሠራ ነው።

የሁለቱም ጉዳይ መነሻ ኤቢኤስ የሚባለው ፕላስቲክ ነው። ስሙ የተወሰደው አክሪሎናይትራይል፣ ቡታዳይን እና ስታይሪን ከተባሉት ሦስት መሥሪያዎቹ የመጀመሪያ ፊደላት ነው። የመጀመሪያው ኬሚካሎችን የመቋቋም ችሎታ፣ የመጨረሻው ደግሞ ግትርነትና አንጸባራቂ ገጽ ይሰጡታል፤ ቡታዳይን ግን እንደ ጎማ እየተለጠጠ ፕላስቲኩ ሲወድቅ እንዳይሰበር ያደርገዋል። የችግሩም በር ይኸው የጎማው ክፍል ነው። በፖሊቡታዳይን ሰንሰለት ውስጥ በካርቦንና በካርቦን መካከል ድርብ ቦንዶች ይገኛሉ፤ ከድርብ ቦንድ አጠገብ ባለው ካርቦን ላይ የተያያዘው ሃይድሮጂን ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ በቀላሉ ይነቀላል። ሙቀት ወይም የአልትራቫዮሌት ጨረር ይህን ሃይድሮጂን ሲነቅለው ነፃ ራዲካል ይፈጠራል። ራዲካሉ ከአየር ኦክሲጅን ይይዝና ከጎረቤቱ ሰንሰለት ሌላ ሃይድሮጂን ይነጥቃል፤ ጎረቤቱም በተራው ራዲካል ይሆናል። ሰደድ እሳት ክብሪቱ ከጠፋ በኋላም እንደሚቀጥል ሁሉ ይህም ሂደት በጨለማ ካርቶን ውስጥ ሳይቀር በዝግታ ይቀጥላል። የምግብ ዘይት ብዙ ሲቆይ ሽታውና ጣዕሙ የሚበላሸው በዚሁ ዓይነት ሂደት ነው።

ፋብሪካዎች ሂደቱን ለመግታት ፀረ ኦክሲዴሽን ቅመሞችን ከፕላስቲኩ ጋር ይቀላቅላሉ። የቅመሙ ዓይነትና መጠን፣ እንዲሁም ፕላስቲኩ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሲፈስ ያገኘው ሙቀት ከአንዱ የምርት ዙር ወደ ሌላው ይለያያል። የመሣሪያው ሁለት ግማሾች ለየብቻ ተሠርተው የተገጣጠሙ እንደመሆናቸው ውጫቸው አንድ ቢመስልም ውስጣቸው አንድ አልነበረም።

ብዙ ጊዜ የሚሰማው ማብራሪያ ግን ሌላ ነው፤ ጥፋቱ የሚጣለው ፕላስቲኩ በእሳት በቀላሉ እንዳይያያዝ በሚጨመሩት የብሮሚን ውሕዶች ላይ ነው። እነዚህ ውሕዶች በአልትራቫዮሌት ጨረር እንደሚፈርሱ የታወቀ ስለሆነ ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። ይሁን እንጂ ሌጎ የተባሉት የልጆች መገጣጠሚያ ጡቦችም ከእ.ኤ.አ. 1963 ጀምሮ የሚሠሩት ከኤቢኤስ ነው፤ በውስጣቸው የሚግል የኤሌክትሪክ ዕቃ የለም፤ ነጮቹ ጡቦች ግን ከዓመታት በኋላ ቢጫ ይሆናሉ። በእኛ አመለካከት ዋናውን ተጠያቂ ከጎማው ሰንሰለት ዘንድ መፈለግ ይሻላል።

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንግባ። አንድ ነገር ቢጫ ሆኖ የሚታየን ከነጭ ብርሃን ውስጥ ሰማያዊውን ስለሚውጥ ነው። የፎቶንን ጉልበት በኤሌክትሮን ቮልት ለማግኘት 1240ን በናኖሜትር በተለካው የሞገድ ርዝመት ማካፈል ይበቃል፤ 450 ናኖሜትር የሆነ ሰማያዊ ብርሃን እንግዲህ 2.76 ኤሌክትሮን ቮልት ይይዛል። አንድ ሞለኪውል ይህን ፎቶን የሚውጠው ኤሌክትሮኖቹ በትክክል ይህን ያህል የሚራራቁ ሁለት የጉልበት ደረጃዎች ሲኖሯቸው ነው። ድርብና ነጠላ ቦንዶች እየተፈራረቁ በሚደረደሩበት ሰንሰለት ላይ ኤሌክትሮኖች ከጫፍ እስከ ጫፍ ይንቀሳቀሳሉ፤ ተማሪዎቻችን በሣጥን ውስጥ የታሰረ ኤሌክትሮን እያሉ የሚያሰሉት ይህን ነው። ሰንሰለቱ ሲረዝም ደረጃዎቹ ይቀራረባሉ፤ የሚዋጠውም ብርሃን ከአልትራቫዮሌት ወደሚታየው ክልል ይሸጋገራል። ሁለት ድርብ ቦንድ ያለው ቡታዳይን ከሁሉ ይልቅ የሚውጠው 217 ናኖሜትር አካባቢ ስለሆነ ለዓይናችን ቀለም የለውም። ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ቤታ ካሮቲን ግን 11 ተፈራራቂ ድርብ ቦንዶች ስላሉት 450 ናኖሜትር አካባቢ ይውጣል።

በአረጀው ኤቢኤስ ውስጥም ኦክሲጅን የገባባቸው ካርቦኒል የሚባሉ ቡድኖች ከድርብ ቦንዶች ጋር እየተቆራኙ እንዲህ ያሉ ቅንጣቢ ሰንሰለቶችን ይሠራሉ። ኦክሲጅን ወደ ውስጥ ጠልቆ ስለማይገባ ቢጫው ከአንድ ሚሊሜትር እጅግ ባነሰ የገጽታ ሽፋን ላይ ተወስኖ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የአሮጌ ኮምፒውተሮች አፍቃሪዎች ቢጫ የሆነ ፕላስቲክ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ውስጥ ተነክሮ ሲቆይ ቀለሙን እንደሚለቅ አስተዋሉ። ዘዴውም ሬትሮብራይት የሚል ስም ወጣለት። ውሕዱ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም፤ 3 በመቶው በፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ ይሸጣል፤ 12 በመቶ የሆነው ደግሞ በክሬም መልክ በፀጉር ቤቶች 40 ቮልዩም ተብሎ ይታወቃል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማስላት ይቻላል። በአንድ ሊትር ውስጥ 120 ግራም ፐርኦክሳይድ አለ እንበል፤ ለ34 ሲካፈል 3.53 ሞል ይሆናል፤ ሁለት ሞል ፐርኦክሳይድ ሲፈርስ አንድ ሞል ኦክሲጅን ስለሚሰጥ 1.76 ሞል ኦክሲጅን እናገኛለን፤ በ22.4 ሲባዛ ወደ 40 ሊትር ይጠጋል። አንድ ሊትር ፈሳሽ 40 ሊትር ጋዝ ይለቃል ማለት ነው፤ ይህን ቁጥር አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በፐርኦክሳይድ ውስጥ ሁለቱን ኦክሲጅኖች የሚያያይዘውን ቦንድ ለመበጠስ የሚያስፈልገው 2.2 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ብቻ ነው። በስሌቱ መሠረት 564 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን እንኳ በቂ ጉልበት አለው። ታዲያ ፈሳሹ በመብራት ሥር ለምን ወዲያው አይፈርስም? ፈሳሹ እንደ ውሃ የጠራ ስለሆነ የሚታየውን ብርሃን አይውጥም፤ ያልተዋጠ ፎቶን ደግሞ የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው ሥራ አይሠራም። በዚህ ነጥብ ላይ በፈተና የሚሳሳቱ ተማሪዎች ብዙዎች ናቸው። ለመዋጥ አልትራቫዮሌት ያስፈልጋል፤ ወይም ብርሃኑን ትተን ፈሳሹን ማሞቅ እንችላለን። በሁለቱም መንገድ የሚወለዱት ራዲካሎች ቢጫውን ሰንሰለት መሐል ላይ ያቋርጡታል። የማሲንቆ ተጫዋች በጣቱ የሚርገበገበውን ክር ባሳጠረው ቁጥር ድምፁ እንደሚቀጥን ሁሉ ያጠረው ሰንሰለትም የሚውጠው ብርሃን ዓይናችን ወደማያየው ወደ አልትራቫዮሌት ይሸሻል። ቢጫው ታጥቦ አልሄደም፤ ቁርጥራጩ እዚያው አለ፤ አናየውም እንጂ።

ለዶክትሬት ጥናት በውጭ አገር በነበርንበት ጊዜ አንድ የጥናት ባልደረባችን ከታላቅ ወንድሙ የወረሰውን ሱፐር ኒንቴንዶ እንድናነጣለት አምጥቶልን ነበር። ክሬሙን በብሩሽ ቀብተን ፀሐይ ላይ አስቀመጥነውና ወደ ሥራችን ሄድን። ስንመለስ ክሬሙ ከፊሉ ደርቋል፤ እርጥብ ሆኖ የቆየው ቦታ ሲነጣ የደረቀው ቢጫ ሆኖ በመቅረቱ ክዳኑ እንደ እብነ በረድ ተዥጎርጉሯል። በመላው ፈሳሽ ውስጥ አጥልቀን እየገለበጥን ደግመን ሠራነው፤ ግራጫውም በአመዛኙ ተመለሰ። ባልደረባችን ተደስቶ ወሰደው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ፎቶግራፍ ላከልን፤ መሣሪያው በቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ እንደገና ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ ከብሎን ማሰሪያዎቹም አንዱ ሲፈታ ተሰብሯል። ወንድሙ ዕቃውን የሰጠው በአንድም ቦታ ሳይሰነጠቅ ነበር። ፈቃዱን ሰጥቶን ቢሆንም ይህን ስንጽፍ አሁንም ቅር ይለናል።

የደረሰው ግን ከተነጋገርነው ጋር የሚስማማ ነው። ፐርኦክሳይድ ቀለሙን ሰበረ እንጂ የተበላውን ጎማ አልመለሰም፤ ያለቀውን ፀረ ኦክሲዴሽን ቅመምም አልተካም። ሰደድ እሳቱ አልጠፋም። ስለዚህ መሣሪያው ታሪካዊ ቅርስ ከሆነ ቢጫውን እንዳለ ትቶ ከሙቀትና ከመስኮት ማራቅ የተሻለ ነው ባዮች ነን። በየቀኑ የሚጠቀሙበት ዕቃ ከሆነ ግን ማንጣቱ ክፋት የለውም።

አንድ የሚያስገርም ነገር ቀርቷል። ምንም ኬሚካል ሳይጨመርበት ፀሐይ ላይ የዋለ ቢጫ ፕላስቲክም አንዳንድ ጊዜ ይነጣል። በጨለማ የተፈጠረው ቢጫ ራሱ ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥ በዋጠው ብርሃን ሊፈርስ ይችላል፤ ቆይቶ ደግሞ አልትራቫዮሌቱ አዲስ ቢጫ ይወልዳል። እንግዲህ ፐርኦክሳይድ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ያስቀመጠ ሰው ከሁለቱ የትኛው እንደሠራለት በምን ያውቃል?

ለዚህ ጥያቄ አሮጌ ኪቦርድ የተመቸ መሣሪያ ነው፤ በአንድ ጊዜ የተሠሩና እኩል ያረጁ ከ26 የማያንሱ ናሙናዎች ይሰጠናልና። ቁልፎቹ ሁሉ ቢጫ የሆኑበትን እንምረጥ። በሳሙና ካጠብናቸው በኋላ አምስት አምስቱን እንከፋፍል፦ በውሃ ውስጥ ፀሐይ ላይ፣ በውሃ ውስጥ ጨለማ ላይ፣ በ6 በመቶ ፐርኦክሳይድ ውስጥ ፀሐይ ላይ፣ በዚያው ውስጥ ጨለማ ላይ፤ የቀሩትን ሳንነካ እናስቀምጥ። ፀሐይ ላይ የሚውለው ዕቃ ስለሚሞቅ ጨለማ ላይ ያለውንም በዚያው ሙቀት ማቆየት ይገባል፤ አለዚያ ብርሃኑንና ሙቀቱን መለየት አንችልም። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር በአዲስ አበባ የሚሠራና በሐዋሳ የሚሠራ ተማሪ ውጤታቸውን ቢያነጻጽሩ ደስ ይለናል።

የ40 ሊትሩ ነገር እዚህ ይመለሳል፤ ዕቃውን ጥብቅ አድርጎ የከደነ ሰው ሊፈነዳበት ይችላል፤ ክዳኑ ላላ ይበል። ጓንትና የዓይን መነጽር ግድ ነው፤ ከ12 በመቶ በላይ የሆነውን ፈሳሽ አንንካ። በረኪና ከፐርኦክሳይድ ጋር በፍጹም አይቀላቀል። ቢጫውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ማውጣትም አይገባም፤ የድሮ ፕላስቲክ ብናኝ የብሮሚን ውሕዶችን ሊይዝ ይችላል።

ለመለኪያ የሞባይል ካሜራ ይበቃል። ቁልፎቹን ከአንድ ነጭ ወረቀት ጋር በአንድ ፎቶግራፍ አንሥተን የሰማያዊውን ቀለም ቁጥር በወረቀቱ ቁጥር እናካፍል፤ ቢጫው በጨመረ ቁጥር ውጤቱ ይቀንሳል። በየሁለት ሰዓቱ መዝግበን ግራፍ እንሥራ። ሲያበቃ ከየምድቡ ሁለት ሁለት ቁልፎች በፖስታ ውስጥ ታሽገው፣ ቀኑ ተጽፎባቸው፣ በመሳቢያ ይቀመጡ፤ ከዓመት በኋላ በዚያው ወረቀትና በዚያው ካሜራ እንደገና ይለኩ።