ለትልልቅ ዓሣ በእጅ የሚሠሩ ባለ ሽቦ ማባበያዎች ጥንካሬ፦ ናይል ፐርችን መነሻ ያደረገ የንድፍ ትንተና

አኅጽሮተ ጥናት

ትንሽ ዓሣ መስሎ ከእንጨት የሚቀረጽና መንጠቆ የሚንጠለጠልበት ማጥመጃ (ከዚህ በኋላ «ማባበያ») ትልቅ ዓሣ ሲይዝ በየትኛው ክፍሉ ይሸነፋል? ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በቀላል የመካኒክስ ስሌት ይመረምራል። ትንተናው እንደሚያሳየው የማባበያው አስተማማኝነት በሽቦው የመበጠስ አቅም ብቻ ሊለካ አይችልም። ወሳኞቹ የሽቦው የመለጠጥ ወሰን፣ የጫፍ ቀለበቱ አዘጋግ፣ እንዲሁም ጭነቱ እንጨቱን ሳይነካ ከክሩ ወደ መንጠቆው መድረሱ ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ ማባበያ፣ አይዝጌ ሽቦ፣ የጭነት መስመር፣ ናይል ፐርች፣ ጫሞ ሐይቅ

1. መግቢያ

በእጅ የተሠራ ማባበያ ታሪኩ ረጅም ነው። ፊንላንዳዊው ላውሪ ራፓላ በ1936 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ማባበያውን ከቡሽ ቀርጾ፣ በቸኮሌት መጠቅለያ ፎይል ሸፍኖ፣ በቀለጠ የፎቶግራፍ ፊልም እንደቀባው ይታወቃል። በቤት ውስጥ የሚሠሩ ማባበያዎች ዛሬም በአብዛኛው በቅርጽና በቀለም ይመዘናሉ። ውስጣዊ አካላቸው ግን በቂ ትኩረት አያገኝም።

ይህ ክፍተት ጎልቶ የሚታየው እንደ ናይል ፐርች ባለ ዓሣ ላይ ነው። ናይል ፐርች እስከ 2 ሜትር ሊረዝምና እስከ 200 ኪሎ ግራም ሊመዝን የሚችል አዳኝ ዓሣ ሲሆን፣ በአገራችን በጫሞና በአባያ ሐይቆች እንዲሁም በባሮ ወንዝ ይገኛል። በ2000 እ.ኤ.አ. በግብፅ ናስር ሐይቅ በመንጠቆ የተያዘው 104 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። በጫሞ ለገበያ የሚደረገው ማስገር በዋናነት በመረብ የሚከናወን ሲሆን፣ ማባበያ የመዝናኛ አጥማጆች መሣሪያ ነው።

ጉዳዩ ዓሣውን ከማጣት ያለፈ ነው። ማባበያው ሲፈታ ዓሣው መንጠቆውን፣ አንዳንዴም እንጨቱን ጭምር፣ በአፉ ይዞ ይሄዳል። ትልልቆቹ ናይል ፐርቾች በአብዛኛው እንቁላል ጣይ እንስቶች በመሆናቸው፣ ጉዳቱ ከአንድ ዓሣ አልፎ ለመራባት አቅሙም ይተርፋል።

2. የጭነት መስመር ጽንሰ ሐሳብ

ክሩ፣ ማባበያው፣ ማያያዣ ቀለበቱና መንጠቆው አንድ ሰንሰለት ናቸው፤ የሰንሰለት አቅም ደግሞ የደካማው ክፍል አቅም ነው። ለዚህ ትንተና 30 ኪሎ የሚሸከም ክር እንደ መነሻ ተወስዷል። የክር መጠቅለያው ፍሬን በተለምዶ ከክሩ አቅም በአንድ ሦስተኛ፣ ማለትም በ10 ኪሎ ገደማ ይስተካከላል። ይሁን እንጂ ዓሣው በጀልባው አጠገብ ድንገት ሲወረወር፣ በተለይም የማይለጠጥ የተጎነጎነ ክር ሲሆን፣ ቅጽበታዊው ኃይል ከፍሬኑ መጠን ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ከክሩ በስተቀር ማንኛውም ክፍል ከ30 ኪሎ በታች መሸነፍ የለበትም።

3. በቪት የታሰረ ማባበያ

ቀላሉ አሠራር ባለ ቀለበት ቪት በእንጨቱ አፍንጫ፣ ሆድና ጅራት ላይ ማጥለቅ ነው። በእንጨት ምሕንድስና ውስጥ የሚሠራበት ቀመር የሚከተለው ነው፦

የመንቀያ ኃይል (በኒውተን) = 108.25 × የእንጨቱ አንጻራዊ ጥግግት ካሬ × የቪቱ ዲያሜትር × የጠለቀው ርዝመት (ሁለቱም በሚሊ ሜትር)

ቪቱ በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ፣ ማለትም በአፍንጫና በጅራት በኩል ሲገባ፣ አቅሙ ወደ 75 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቪት 15 ሚሊ ሜትር ቢጠልቅ፣ ጥግግቱ 0.16 በሆነ ባልሳ ውስጥ በአፍንጫ በኩል የሚነቀለው በ6 ኪሎ ገደማ ነው። ጥግግቱ 0.40 በሆነ እንጨት ውስጥ ግን ወደ 40 ኪሎ ይደርሳል። ጥግግቱ በካሬ ስለሚገባ፣ የእንጨቱ ክብደት በግማሽ ሲቀንስ የመያዝ አቅሙ ወደ ሩብ ይወርዳል።

ሁለተኛው አኃዝ በቂ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ቀመሩ የሚሠራው ለደረቅ እንጨትና ቀጥ ብሎ ለሚስብ ኃይል ነው። ዓሣው ራሱን ሲያወናጭፍ መንጠቆው ቪቱን ወደ ጎን እንደ መፈንቅል ይጫነዋል፤ በቀለሙ ስንጥቅ የገባ ውኃም እንጨቱን ያለሰልሳል። በዚህ ምክንያት በንድፍ ጊዜ ከመጨረሻው አቅም አንድ አምስተኛ ያህሉን ብቻ መቁጠር የተለመደ ጥንቃቄ ነው። ይህም በጠንካራው እንጨት እንኳ 8 ኪሎ ብቻ ስለሚሆን፣ ከፍሬኑ መጠን በታች ነው።

4. ከአፍንጫ እስከ ጅራት የሚያልፍ ሽቦ

አማራጩ አንድ ወጥ ሽቦ በማባበያው ውስጥ ማሳለፍ ነው። በዚህ አሠራር ጭነቱን ሽቦው ይሸከማል፤ እንጨቱ ቅርጽና ተንሳፋፊነት ከመስጠት ያለፈ ሥራ የለበትም። እንጨቱ በዓሣው ጥርስ ቢሰነጠቅ እንኳ መንጠቆው ከክሩ አይለይም።

4.1 የሽቦው ውፍረት

ለስላሳው 304 አይዝጌ ብረት በተለምዶ ቢያንስ 515 ሜጋ ፓስካል የመበጠስ፣ 205 ሜጋ ፓስካል ደግሞ የመለጠጥ ወሰን አለው። በዚህ መሠረት 1.2 ሚሊ ሜትር ሽቦ የሚበጠሰው በ59 ኪሎ ገደማ ነው። ይህ ከ30 ኪሎው ክር በእጥፍ ስለሚበልጥ አስተማማኝ ይመስላል። ነገር ግን ያው ሽቦ በ24 ኪሎ ገደማ ወደ ነበረበት የማይመለስ መለጠጥ ይጀምራል፤ ማለትም ክሩ ሳይበጠስ ሽቦው ቅርጹን ያጣል። 1.6 ሚሊ ሜትር ሽቦ ግን እስከ 42 ኪሎ ቅርጹን ይጠብቃል፤ የሚበጠሰውም በ105 ኪሎ ገደማ ነው።

ቀጭን ሆኖ በቅዝቃዜ የጠነከረ የስፕሪንግ ሽቦ ሌላ አማራጭ ነው። ይሁንና በጠባብ ዙር ሲታጠፍ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ማባበያው ቀጥ ብሎ እንዲዋኝ የአፍንጫውን ቀለበት በፒንሳ በጥቂቱ ማጣመም ሲያስፈልግም ያስቸግራል። በእሳት ማለስለስ ደግሞ የተገዛለትን ጥንካሬ ያጠፋዋል።

4.2 ቀለበቱ እንዴት ይዘጋ?

የትንተናው ዋና ውጤት እዚህ ላይ ነው። ከ1.6 ሚሊ ሜትር ለስላሳ ሽቦ የተሠራ፣ የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀለበት ጫፉ ሳይጠመጠም ክፍት ቢተው፣ ጭነቱ ከመሳብ ይልቅ ማጠፍ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ የሽቦው የማጠፍ ወሰን የሚሞላው በ4 ኪሎ ገደማ ነው፤ ይህም ቀጥ ያለው ሽቦ ከሚችለው አንድ አሥረኛ ነው። ሽቦው ሲታጠፍ በተወሰነ ደረጃ ስለሚጠነክር ትክክለኛው አኃዝ ከፍ ሊል ቢችልም፣ የልዩነቱ ስፋት ድምዳሜውን አይለውጠውም።

ስለዚህ የሽቦው ጫፍ በዋናው ሽቦ ላይ መጠምጠም አለበት። በተዘጋ ቀለበት ሁለቱ ጎኖች ጭነቱን ስለሚካፈሉ፣ ከ30 ኪሎ ውስጥ 15 ኪሎው ጫፉን ይስባል። በገመድ ጥምጥም የሰበቃ ሕግ ሲገመትና የሰበቃ መጠኑ 0.15 ሲወሰድ፣ ከአንድ ዙር በኋላ 6 ኪሎ ያህል ይቀራል፤ ከሦስት ዙር በኋላ ግን ከ1 ኪሎ ያነሰ ነው። ሽቦ እንደ ገመድ ልል ባለመሆኑ ስሌቱ ግምታዊ ቢሆንም፣ ሦስት ጠባብና የተጠጋጉ ዙሮች ዝቅተኛ መስፈርት ሊሆኑ እንደሚገባ ያመለክታል።

4.3 አሠራር

ሽቦውን ለማስገባት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው እንጨቱን በትራፓኖ ከአፍንጫ እስከ ጅራት መብሳት ነው። ለሆድ መንጠቆ ከታች ሌላ ቀዳዳ ተበስቶ ተሽከርካሪ ማያያዣ ይገባበታል፤ ሽቦውም በማያያዣው ቀለበት ውስጥ ያልፋል። ማያያዣው ስለሚዞር ዓሣው በተጠማዘዘ ቁጥር መንጠቆው የሚያገኘው የመፈንቀል ዕድል ይቀንሳል።

ሁለተኛው በሆዱ በኩል በመጋዝ ቦይ ከፍቶ፣ ቀለበቶቹ አስቀድመው የታጠፉበትን ሽቦ አስገብቶ በኢፖክሲ መሙላት ነው። ይህ ለአጫጭር ትራፓኖዎች አመቺ ነው፤ የሽቦው ክብደትም ከታች ስለሚያርፍ ማባበያውን ያረጋጋል። 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው 1.6 ሚሊ ሜትር ሽቦ 5 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ ማመጣጠኛው እርሳስ በዚያው ልክ ይቀነሳል።

በሁለቱም መንገዶች ሦስት ጥንቃቄዎች አይዘለሉም። ሽቦው አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ መታጠፍ የለበትም፤ የፒንሳ ጥርስ ጭረት ጭነት የሚከማችበት ነጥብ ስለሚሆን የፒንሳው አፍ በጨርቅ ይሸፈናል፤ ሽቦው የሚወጣባቸው ቀዳዳዎችም ከቀለም በፊት በኢፖክሲ ይደፈናሉ።

5. ፍተሻ

ከአንድ ዓይነት ሥራ ቢያንስ አንዱ ማባበያ ለአንድ ቀን ውኃ ውስጥ ከቆየ በኋላ በአፍንጫው ተሰቅሎ፣ በየመንጠቆ ማንጠልጠያው በተራ የአሸዋ ከረጢት ሊጫንበት ይገባል። ጭነቱ በ5 ኪሎ እያደገ 40 ኪሎ ይደርሳል፤ ይህም ከክሩ አቅም በአንድ ሦስተኛ ይበልጣል፤ ከሽቦው የመለጠጥ ወሰን ግን አያልፍም። መመዘኛው አለመበጠሱ ብቻ አይደለም። ጭነቱ ሲነሳ የቀለበቱ ስፋት ከመጀመሪያው ልኬት ከተለወጠ ማባበያው ወድቋል። ሽቦ ሲበጠስ ስለሚወነጨፍ የዐይን መከላከያ መነጽር የግድ ነው።

6. ማጠቃለያ

ከትንተናው ሦስት ነጥቦች ይገኛሉ። የመጀመሪያው፣ የሽቦ ምርጫ በመበጠስ አቅም ሳይሆን በመለጠጥ ወሰን መመሥረት አለበት። ሁለተኛው፣ ያልተጠመጠመ ቀለበት የወፍራሙን ሽቦ ጥቅም ከንቱ ያደርገዋል። ሦስተኛው፣ ማያያዣ ቀለበቱና መንጠቆው ከክሩ በላይ ካልቻሉ የሽቦው ጥንካሬ ብቻውን ዋጋ የለውም።

የቀረቡት አኃዞች የላቦራቶሪ ውጤቶች ሳይሆኑ የንድፍ ግምቶች በመሆናቸው፣ በአገር ውስጥ እንጨቶች ላይ እርጥብና ደረቅ ናሙናዎችን ያነጻጸረ ፍተሻ ቢደረግ ግኝቱን ያጠናክራል። ሆኖም አንድ መርሕ ከወዲሁ ግልጽ ነው፤ ጠንካራ ማባበያ ትግሉን ያሳጥራል፣ ሳይደክም የተያዘ ዓሣም ወደ ውኃው ሲመለስ የመኖር ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ክሩ ቢበጠስ እንኳ ዓሣው መንጠቆውን በቀላሉ እንዲያራግፍ የመንጠቆዎቹን እሾህ በፒንሳ መደፍጠጥ የንድፉ የመጨረሻ ክፍል ሊሆን ይገባል።