ምዕራፍ ሰባት፦ ዕቃው ከተጫነ በኋላ ስለሚነገር ዋጋ

ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ተነሥቶ በገርጂና በሰሚት በኩል እስከ አያት የሚዘልቅ መንገደኛ፣ በመብራት ምሰሶውና በግንባታ አጥሩ ቆርቆሮ ላይ የተለጠፉትን ወረቀቶች ልብ ብሎ ቢመለከት፣ ቤት ከሚያከራየው ደላላና ሽንት ቤት ከሚያስመጥጠው ባለ መኪና ጎን፣ ዕቃ አጓጓዡና ፍርስራሽ አንሺው ተሰልፈው ያገኛቸዋል። ወረቀቱ የያዘው አንድ የስልክ ቁጥርና ዓይን የሚስብ ዝቅተኛ የብር መጠን ብቻ ነው፤ ስምም፣ አድራሻም፣ የንግድ ፈቃድም አይታይበትም።

የሥራው መብዛት ምክንያት አለው። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ ያለውን የመንገድ ዳር አፍርሶ ሲያድስ፣ አጥሩ ወደ ኋላ የተሳበበትና ሱቁ የፈረሰበት ሁሉ ሳያስበው የፍርስራሽ ባለቤት ሆነ። ወደ ኮንዶሚኒየም የሚዛወረውም ሰው የአባቱ ቡፌ በደረጃው አላልፍ ሲለው ያው ችግር ይደርስበታል። የደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራት የዕለቱን ጥራጊ በማዳበሪያ ከደጅ ይወስዳሉ እንጂ፣ የተሰበረ ሶፋና የሴራሚክ ስብርባሪ የእነርሱ ሥራ አይደለም።

እንግዲህ በገርጂ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት 2,000 ብር የሚል ማስታወቂያ አይተው ደወሉ እንበል። አይሱዙው ሦስት ጎረምሶች ጭኖ ይመጣል፤ ቅራቅንቦው ሁሉ ወርዶ ይጫናል፤ ገመዱም ይታሰራል። ሾፌሩ አፉን የሚከፍተው ከዚህ በኋላ ነው።

«እትዬ፣ ሁለቱ ሺህ እኮ የመኪናው ብቻ ነው፤ የልጆቹ ለብቻ ነው።»

«ምነው ልጄ፣ በስልክ ስንነጋገር መቼ እንዲህ አልከኝ?»

«እርስዎ መቼ ጠየቁኝ?»

የሚያናድደው መልሱ እውነት መሆኑ ነው። ከዚያ የፎቁ ጭማሪ ይከተላል፤ የመድፊያ ቦታው ሩቅ ነው ይባላል፤ በበሩም ላይ «ሰፈሩ የእኛ ነው» የሚሉ ጫኝና አውራጆች ይቆማሉ፤ ሒሳቡም 7,000 ይገባል። እኒያ እናት ዕቃውን አስወርደው እንዳይመልሱ የማውረጃ ሊከፍሉ ነው፣ ጊቢው ውስጥም እንዳያከማቹ ዘበኛው አይፈቅድም። ከመጫኑ በፊት የመከራከር ኃይል በእርሳቸው እጅ ነበረ፤ ገመዱ ሲታሰር ግን ወደ ሾፌሩ ተዛወረ። የዚህ ንግድ ምሥጢር በሙሉ በዚህች ቅጽበት ላይ የቆመ ይመስለኛል።

ስለዚህ ማስታወቂያውን ሐሰት ከማለት ይልቅ መለኪያ የሌለው ዋጋ ማለት ይቀላል፤ 2,000 ብር የአንድ ቢያጆ ይሁን፣ የግማሽ፣ ወይም የመኪናው መምጫ ብቻ አይናገርምና። በሰሜን አሜሪካ ይህን ሥራ የያዙ ኩባንያዎች ዋጋቸውን የሚተምኑት ዕቃው ከመኪናው ስፋት በሚይዘው ክፍል፣ በሩብ፣ በግማሽና በሙሉ ነው፤ በዚያም ቢሆን በማስታወቂያ ላይ የሚወጣው አነስተኛው ክፍያ ስለሆነ፣ ቤቱን በሙሉ የሚያስጠርግ ሰው ያንን ዋጋ አያገኘውም።

የአገራችንም ሕግ በዚህ ነገር ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1687 የዋጋ ዝርዝርን በአደባባይ መለጠፍ ብቻውን ውል የሚያጸና የአቅርቦት ቃል እንዳልሆነ ይደነግጋል፤ በምሰሶው ላይ ያለው ብር ለጣፊውን አያስርም ማለት ነው። በአንጻሩ በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ የሚጸና መሆኑን አንቀጽ 1731 ያረጋግጣል፤ በበሩ የቆሙት ጫኝና አውራጆችም ቢሆኑ ካልተዋዋላቸው ሰው የሚጠይቁት ዕዳ የለም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 እና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላሉ፤ ዳሩ ግን ከስልክ ቁጥር በቀር ማንነቱ ያልታወቀን ሰው በማን ስም ይከሱታል? ስለሆነም ብልኅ ሰው ሙግቱን ወደ ስልኩ ጥሪ ያመጣዋል፤ የዕቃውን ፎቶግራፍ ልኮ፣ ፎቁን ነግሮ፣ ጉልበቱንና መድፊያውን ጨምሮ የመጨረሻውን ሒሳብ በጽሑፍ መልእክት ያስልካል፤ መኪናውም የሚነሣው ከዚህ በኋላ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎች ይዘነጉታል። በአዲስ አበባ የሚጣለው ሁሉ ከንቱ አይደለም፤ ብረቱን፣ የተበላሸውን ፍሪጅና አሮጌውን በር ቆራሌው ገንዘብ ከፍሎ ይወስደዋል፤ ከዚያም በመርካቶ ምናለሽ ተራ ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል። ይህን ሳይለይ ሁሉን በአንድነት የሚያስጭን ሰው ለማስወገድ ይከፍላል፤ ሾፌሩ ደግሞ ሸጦ ያተርፍበታል። ቆራሌውን አስቀድሞ መጥራት ጭነቱንም ዋጋውንም ያቀልላል።

የቀረውን ወዴት እንደሚወስዱት መጠየቅ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የከተማይቱን ቆሻሻ ሲቀበል የኖረው ረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ የሚባለው፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከመቶ በላይ ነፍሳትን ሲያጠፋ፣ ቆሻሻ ከደጃችን ሲርቅ እንደማይጠፋ አሳይቷል። ነዳጅና ሰዓት ከፍሎ እስከ ተፈቀደለት ቦታ የሚሄድ ሾፌርና በሌሊት ቡልቡላ ወንዝ ዳር ገልብጦ የሚመለስ ሾፌር እኩል ዋጋ ሊጠሩ አይችሉም፤ ወደ ወንዙ የገባውም በአቃቂ በኩል እስከ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። ስለዚህ በስልክ «ወዴት ነው የምትደፋው?» ሲባል ቦታውን በስሙ የሚጠራው ሰው ትንሽ ቢወደድም ያዋጣል፤ «እሱን ለእኔ ይተዉት» የሚል ከሆነ ግን፣ ዋጋው ስለምን እንደ ረከሰ ተገልጧልና ወደ ሌላ ቁጥር መደወል ነው።