ቃለ ጉባኤው ይነበብልን

ማሳሰቢያ፦ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም ለጃቢ ጠህናን፣ ለደምበጫ፣ ለወንበርማና ለሰከላ ገበሬዎች

እድራችን ሲሰበሰብ ማንም አፉን አይዝም። ገንዘብ ያዡ ወጪውን በቃሉ ቢናገር «መዝገቡ ይምጣ!» የሚል አይጠፋም። ያረፈደ ይቀጣል፤ ያጠፋ ዳኛ ይወርዳል። ቀበሌ ሲጠራን ግን እኛው ከኋላ ተቀምጠን፣ አንገታችንን ደፍተን እንመለሳለን። ስለዚህ፦

ያልተነበበላችሁ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ይህን ያስቀደምሁት በዓይኔ ስላየሁት ነው። በአንድ ቀበሌ ስብሰባው ሳይጀመር ባዶ ወረቀት ዞረ። አንድ አባት አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አሻራቸውን አኖሩ፤ ጣታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ተቀመጡ። «መምጣቴ እንዲታወቅ ነው» አሉኝ። ያው ወረቀት በኋላ «ለመዋጮ ተስማምተናል» ከሚል ቃለ ጉባኤ ጋር ተያይዞ ተገኘ። የመገኘት ፊርማ ከሆነ ከላዩ እንደዚያው ተብሎ ይጻፍ። ውሳኔ ከሆነ ቃለ ጉባኤው መጀመሪያ ይጻፍ፣ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ የተቃወመ ሰው ተቃውሞው ይመዝገብለት፤ ፊርማ ከዚያ በኋላ ነው። ፊደል የቆጠረ ልጅ ያላችሁ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ።

ስለ መሬት ሲመከር ባልን ብቻ አትላኩ። የይዞታ ደብተሩ ላይ የሚስትም ስም ሰፍሯል። እናቶች ከበር ላይ ቆመው የሚሰሙበት ስብሰባ ግማሽ ስብሰባ ነው።

«ከላይ የመጣ ነው» ሲባል ዝም አትበሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 አካባቢያችሁን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳባችሁ እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷችኋል። መንገድ ወይም ፋብሪካ ማሳችሁን የሚነካ ከሆነ ካሳው በምን እንደተሰላ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የማመልከቻውንም ቅጂ ያዙ።

በኅብረት ሥራ ማኅበራችሁ ጠቅላላ ጉባኤ አትቅሩ። አዋጅ 985/2009 አንድ አባል አንድ ድምፅ ይላል፤ የብዙ ዕጣ ባለቤትም ድምፁ ያው አንድ ነው። ማዳበሪያ ለማን ስንት ኩንታል እንደደረሰ የኦዲት ሪፖርት ሲቀርብ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ድምፃችሁን ለዝምድና ወይም ለውለታ አትስጡ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የመረጣችሁትን ሰው ስሙን ታውቁታላችሁ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 አመኔታችሁን ያጣ ተመራጭ ከቦታው እንዲነሳ ማድረግ እንደምትችሉ ይደነግጋል።

ጥያቄ ያነሳን ሰው በጎራ አትፈርጁ። ይህ ለባለሥልጣኑም፣ መሣሪያ ለያዘውም፣ ለጎረቤቱም ነው። ጥያቄ በጉልበት ሲመለስ ምን እንደሚመጣ አይተናል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ርስቱ የሚለካበት፣ ተለክቶም የሚወሰድበት መሰለው። የሚያስረዳው ሳይሆን የሚያስገድደው መጣበት፤ ነገሩም ወደ ጥይት ሄደ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሱ፣ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ያለፍንበትን ግጭት ደግሞ ራሳችን እናውቀዋለን። በዚህ ጊዜ ፈርቶ ከስብሰባ የቀረውን አትውቀሱት፤ ተነስቶ የጠየቀውን ግን ብቻውን አታስቀሩት። «እኔም ይኸው ጥያቄ አለኝ» በሉ።