ብርሃን ያለው የትያትር ልብስ፦ ሦስት የባትሪ ድንጋይ ምን ያህል ያስተምራል?

እንደሚታወቀው የትምህርት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል በወላጆች ቀን አጫጭር ትያትር ማሳየት በየትምህርት ቤቱ የተለመደ ነው። ልብሱም ከየቤቱ የሚመጣ ነው፤ የእናት ነጠላ፣ የአባት ኮት፣ ካርቶንና ቀለም። ዝናብ በሚያዘወትረው በቢታ ገነትና በአካባቢው ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር ክፍሉ ይጨልምና ተዋናዩ አይታይም። ታዲያ በዚህ ጊዜ ለልጅ ሻማ ወይም ኩራዝ ማስያዝ ይመጣል። ርካሹ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ግን እሳት ሲነካው ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል። ልጅ ለትያትር ተብሎ ሊቃጠል አይገባም። ስለዚህ ነገ ወደ ገጠር ትምህርት ቤት የምንሰማራ ዕጩ መምህራን፣ እሳት የሌለበትን ብርሃን ከልብስ ጋር ማገናኘት ብንማር ሁለት ነገር እናተርፋለን፤ አንደኛ የልጆች ደኅንነት፣ ሁለተኛ በእጅ የሚዳሰስ የኤሌክትሪክ ትምህርት።

ኤልኢዲ ምንድን ነው?

የድሮው አምፖል የሚያበራው በውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ግሎ ነው። ኤልኢዲ የሚባለው ትንሽ አምፖል ግን የሚግል ሽቦ የለውም፤ ሴሚኮንዳክተር ከሚባል ቁስ የተሠራ ስለሆነ ኮረንቲ ሲያልፍበት ያለብዙ ሙቀት ያበራል። ለዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን እ.ኤ.አ. በ1962 የሠራው አሜሪካዊው ኒክ ሆሎንያክ ነው። ደማቅ ሰማያዊ ለማግኘት ሌላ ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጀ፤ ለዚህም ሥራ ጃፓን የተወለዱት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አገኙ። ዛሬ በገበያ የምናገኘው የእጅ ባትሪና የፀሐይ ፋኖስ የሚያበራው በዚሁ ነው። እንግዲያው የተበላሸ የእጅ ባትሪ አይጣል፤ ውስጡ ደኅና አምፖል ሊገኝ ይችላል።

አምፖሉ ሁለት እግር አለው። ረጅሙ ወደ ፖዘቲቭ፣ አጭሩ ወደ ኔጌቲቭ ይገናኛል። እግሩ ተቆርጦ ከሆነ የጠርዙን ክብ በጣት መዳሰስ ነው፤ ጠፍጠፍ ያለው ጎን ኔጌቲቩ ነው። ቢገለበጥ አይበራም።

የቡና ቅርንጫፍ ልብስ

ከፋ የቡና አገር ነውና ምሳሌያችንን ከዚያው እንውሰድ። አንድ ተማሪ ቡናን ሆኖ ይጫወታል እንበል። አረንጓዴ ጨርቅ ላይ የወረቀት ቅጠል ይሰፋል፤ በቅጠሉ መካከል አምስት ቀይ ኤልኢዲ እንደ እሸት ቡና ይሰካል። የሚያስፈልገው ሦስት የባትሪ ድንጋይ፣ አምስት ሬዚስተር፣ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ቀጭን ሽቦና ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ነው። ሽቦው በውስጡ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ይሁን፤ ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል።

ሬዚስተር ለምን? ኤልኢዲ ራሱን መግታት አያውቅም፤ ዝም ብለን ከሦስት ድንጋይ ጋር ብናገናኘው ከመጠን በላይ ኮረንቲ ስቦ ይቃጠላል። ሬዚስተሩ ልክ እንደ ውኃ ቧንቧ መዝጊያ ፍሰቱን ይመጥናል። ስሌቱም እነሆ፦

አንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው፤ ሦስቱ ተቀጣጥለው 4.5 ቮልት ይሆናሉ። ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ያህል ይወስዳል። የሚቀረው 2.5 ቮልት ነው። የምንፈልገው ኮረንቲ 10 ሚሊአምፔር፣ ማለትም 0.01 አምፔር ከሆነ፣ በኦም ሕግ 2.5 ሲካፈል ለ0.01 እኩል ይሆናል 250 ኦም። ገበያ ላይ በቅርብ የሚገኘው 270 ኦም ነው፤ ቀለሙም ቀይ፣ ወይን ጠጅ፣ ቡናማ። ነጭ ኤልኢዲ 3 ቮልት ያህል ስለሚወስድ 150 ኦም ይበቃዋል፤ ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ።

አሠራሩ፦

1ኛ/ ከእያንዳንዱ ኤልኢዲ ረጅም እግር ጋር አንድ አንድ ሬዚስተር እናያይዛለን።
2ኛ/ አምስቱን የሬዚስተር ጫፎች በአንድ ሽቦ፣ አምስቱን አጭር እግሮች በሌላ ሽቦ እናገናኛለን።
3ኛ/ የመጀመሪያውን ሽቦ በማብሪያው በኩል ወደ ድንጋዩ ፖዘቲቭ፣ ሁለተኛውን ወደ ኔጌቲቩ እናደርሳለን።
4ኛ/ ጨርቅ ላይ ከመስፋታችን በፊት ጠረጴዛ ላይ አብርተን እንፈትናለን።
5ኛ/ የተራቆተ ሽቦ ሁሉ በፕላስተር ይሸፈናል። በክርንና በብብት ዙሪያ ሽቦው ላላ ይበል።

ሽቦውን በቀጥታ ልብሱ ላይ ከመስፋት በጥብጣብ ላይ ሰፍቶ ጥብጣቡን በመርፌ ቁልፍ መያዝ ይሻላል። ልብሱ ሲታጠብ ይነሳል፤ የእናትም ነጠላ ሳይበላሽ ይመለሳል።

ለክፍል የሚሆን ጥያቄ

አንድ ቀይና አንድ ነጭ ኤልኢዲ ጎን ለጎን አድርገን ሁለቱንም በአንድ ሬዚስተር ብናገናኝ ምን ይሆናል? መልሱን ከመናገራችን በፊት ተማሪዎች ይገምቱ፤ ከዚያ ይሞክሩት። ቀዩ ይበራል፣ ነጩ ጨለማ ይሆናል። ምክንያቱም ቀዩ ቮልቴጁን በ2 ላይ ስለሚይዘው ነጩ የሚፈልገውን 3 አያገኝም። ለእያንዳንዱ የየራሱ ሬዚስተር ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ እኮ የኦምን ሕግ ለፈተና ብቻ ሸምድዶ አይረሳውም!

ጥንቃቄ

የሞባይል ባትሪ ለልጅ ልብስ ፈጽሞ አይደረግም፤ ሽቦው ከተነካካ ግሎ ሊነድ ይችላል። ከግድግዳ መብራት ጋርማ ማገናኘት የማይታሰብ ነው። ተራው ድንጋይም ቢሆን ሁለቱ ጫፎቹ በሽቦ ከተነካኩ ይግላል፤ ስለዚህ ድንጋዩ ከገላ ጋር በማይነካካ ኪስ ይቀመጥ፣ ልጁም ሙቀት ከተሰማው ማብሪያውን እንዲያጠፋ አስቀድሞ ይነገረው። መገጣጠሚያው በቆርቆሮ የሚበየድ ከሆነ ብየዳውን መምህሩ ይሥራ፤ በብዙው ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛም ብረት ስላለ ከሥራ በኋላ እጅ ይታጠባል።

ባልደረቦቻችን፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ቤተ ሙከራ የሚጠይቅ አንድም ነገር የለም። የትምህርት መርጃ መሣሪያ ጠፋ ብለን በጠመኔ ብቻ ከማስተማራችን በፊት የተበላሸ ባትሪና ሬድዮ ፈተን እንይ። መጋረጃው ሲከፈት እሸቱ ቦግ ብሎ ሲበራ፣ ከወላጆቹ መካከል «ይህን ማን ሠራው?» የሚል አይጠፋም፤ መልሱን ልጆቹ ራሳቸው ተነሥተው ያስረዱ።