ነጭ የደም ሕዋሳት በአንጀት ብግነት በሽታ፦ በላስታ ደጋ ለሚደረግ ምርመራ ያላቸው ትርጉም

መግቢያ

የአንጀት ብግነት በሽታ ክሮንስ እና አልሰረቲቭ ኮላይቲስ የተባሉ ሁለት ዐበይት ዓይነቶች አሉት። ሁለቱም የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በአንጀት ውስጥ ለሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከልክ ያለፈና የማያቋርጥ ምላሽ በመስጠቱ የሚከሰቱ ናቸው። በሽታው ለረጅም ጊዜ የበለጸጉ አገሮች ሕመም ሆኖ ተቆጥሯል። ይሁን እንጂ ወደ እስራኤል በተሻገሩ ቤተ እስራኤላውያን ላይ የተካሄዱ ጥናቶች፣ ሲገቡ እምብዛም ያልታየው ሕመም ከዓመታት ቆይታ በኋላ እንደሚከሰት አሳይተዋል።

ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኘው በነአኩቶ ለአብ አካባቢ፣ ለወራት በሆድ ቁርጠት፣ በተቅማጥና በክብደት መቀነስ የተቸገረ ገበሬ ከዋሻው ጣሪያ በሚንጠባጠበው ጠበል ሊጠመቅ፣ ወደ ጤና ጣቢያም ሊሄድ ይችላል። በዚያ የሚያገኘው በአብዛኛው የሰገራና የደም ምርመራ ነው። ይህ ጽሑፍ የነጭ የደም ሕዋሳት ውጤት ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ይመረምራል።

የሕዋሳቱ ሚና

የአንጀት ሽፋን ሲጎዳ በቅድሚያ በብዛት የሚደርሱት ኒውትሮፊሎች ናቸው። ባክቴሪያን ለመግደል የሚረጩት ኢንዛይምና ኦክሲጅን አዘል ኬሚካል ግን የራስን ሽፋን ጭምር ያቆስላል። ከኒውትሮፊሎች የሚወጣው ካልፕሮቴክቲን የተባለ ፕሮቲን በሰገራ ውስጥ ሲገኝ የአንጀት ብግነት መኖሩን ያመለክታል። ማክሮፌጆችና ቲ ሊምፎሳይቶች ደግሞ ቲኤንኤፍን የመሳሰሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን በማመንጨት ተጨማሪ ሕዋሳትን ስለሚጠሩ ብግነቱ ሥር የሰደደ ይሆናል።

ክሮንስና የአንጀት ቲቢ

በክሮንስ በሽታ ማክሮፌጆችና ሊምፎሳይቶች ተሰባስበው ግራኑሎማ የተባለ እብጠት ሊሠሩ ይችላሉ። በአንጀት ቲቢም እነዚሁ ሕዋሳት ግራኑሎማ ይሠራሉ። ሁለቱም በሽታዎች የትንሹ አንጀት መጨረሻና የትልቁ አንጀት መጀመሪያ የሚገናኙበትን ስፍራ ያዘወትራሉ። የቲቢው ግራኑሎማ መሐሉ አይብ መሰል ሆኖ የሞተ መሆኑ ይለየዋል፤ ነገር ግን ይህ ምልክት በትንሽ ናሙና ላይ ሁልጊዜ አይገኝም።

ልዩነቱ ለሕክምናው ወሳኝ ነው። ለክሮንስ የሚሰጡት ስቴሮይድና ፀረ ቲኤንኤፍ መድኃኒቶች የነጭ የደም ሕዋሳትን ሥራ ያዳክማሉ። የቲቢን ባክቴሪያ አጥሮ የያዘውን ግራኑሎማ ጸንቶ እንዲቆይ የሚያደርገው ግን ራሱ ቲኤንኤፍ ነው። ስለዚህ በስሕተት የተሰጠ መድኃኒት ቲቢው በመላ ሰውነት እንዲሠራጭ በር ይከፍታል።

የደም ቆጠራ ትርጓሜ

በደም ውስጥ የኢኦሲኖፊል መብዛት በላስታም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል በቅድሚያ የአንጀት ትላትልን ሊያሳስብ ይገባል። በተለይ ስትሮንጅሎይደስ የተባለው ትል ሳይታከም ስቴሮይድ ቢጀመር ትሉ ተባዝቶ ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

በሌላ በኩል አንዳንድ ኢትዮጵያውያን ፍጹም ጤነኞች ሆነው ሳለ በተፈጥሮ የኒውትሮፊል ቁጥራቸው በማይክሮ ሊትር ከ1,500 በታች ይሆናል። በእንዲህ ያለ ሰው ላይ ብግነት ቁጥሩን ቢያሳድገውም ውጤቱ ከተለመደው ወሰን ሳያልፍ ሊቀር ይችላል። እንዲሁም መቅኔን ሊጫን የሚችለው አዛቲዮፕሪን ከተጀመረ በኋላ ዝቅተኛ ቁጥር ቢታይ፣ የቀድሞው ልክ ካልታወቀ የሚጠቅም መድኃኒት ያለምክንያት ሊቋረጥ ይችላል።

ማጠቃለያ

የነጭ የደም ሕዋሳት ብዛት ብቻውን የአንጀት ብግነት በሽታን አያረጋግጥም፤ አያስቀርምም። ሕክምና ከመጀመሩ በፊት የሕመምተኛው የራሱ ቁጥር መመዝገብ፣ ትላትል መመርመርና መታከም፣ ቲቢም በናሙና፣ በባክቴሪያ ምርመራና በደረት ራጅ መፈተሽ ይኖርበታል። ኮሎኖስኮፒ ወደሚገኝበት ሆስፒታል የሚላክ ሕመምተኛም ይህን መዝገብ ይዞ ቢሄድ ውሳኔው ይቀላል። ለኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪዎች የሚስማማ የደም ቆጠራ ወሰን ማዘጋጀት ለቀጣይ ተመራማሪዎች ተገቢ የጥናት ርእስ ነው።