ሐኪሙ እንስሳውን ሳያይ መምከር ይችላልን?

ሮናልድ ሃይንስ የተባሉ የቴክሳስ የእንስሳት ሐኪም፥ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምረው በኢንተርኔት ለሚጽፉላቸው የእንስሳት ባለቤቶች ምክር ይሰጡ ነበር። መድኃኒት አያዙም። ነገር ግን የክፍለ ግዛቱ ሕግ፥ ሐኪሙ እንስሳውን በአካል ሳይመረምር ወይም የሚኖርበትን ስፍራ ሳይጎበኝ እንዳያክም ስለሚከለክል፥ የእንስሳት ሐኪሞች ቦርድ በ2013 500 ዶላር ቀጣቸው።

የሕጉ ምክንያት የሚናቅ አይደለም። እንስሳ «እዚህ ያመኛል» አይልም፤ የውሻ ሆድ ዕብጠትም በደብዳቤ አይዳሰስም። ሆኖም ይኸው ክፍለ ግዛት በ2017 የሰው ሐኪሞች በሽተኛውን በአካል ሳያዩ በርቀት እንዲያክሙ ፈቀደ። ጡት የሚጠባ ሕፃንስ መች ይናገራል? ይህን ስናነብ ሳቅን።

የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2015 በሃይንስ ላይ ፈረደ፤ በ2024 ግን ምክራቸው በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ንግግር ነው ሲል ፈረደላቸው።

በእኛ አስተያየት መለየት የሚገባው ምክርና መድኃኒት ነው። ምክሩ ያጠራጠረው ባለቤት ሌላ ሐኪም ሊጠይቅ ይችላል፤ ያለ አግባብ የታዘዘ አንቲባዮቲክ ግን ተሕዋስያኑን ከመድኃኒቱ ጋር ያለማምዳል፥ ጉዳቱም ለጎረቤት ከብትና ለሰው ይተርፋል። የብሪታንያ የእንስሳት ሐኪሞች ኮሌጅ ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ የሠራበት መመሪያ ይህን ለይቷል፤ ሐኪሙ ብዙውን መድኃኒት በራሱ ፍርድ በርቀት ሊያዝ ሲችል፥ አንቲባዮቲክን ግን ከልዩ ሁኔታ በቀር እንስሳውን በአካል ሳይመረምር አያዝም። በርቀት ያዘዘም ሐኪም፥ እንስሳው ሌሊት ቢብስበት በአካል የሚያየው ሐኪም አስቀድሞ ማዘጋጀት ግዴታው ነው።